ፋይል ሳይከፈት የሚሸነፍ የካሳ ክስ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሰሜን ሸዋን አቋርጦ ያልፋል። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ሾልኮ ደብረ ሲና ላይ ይወርድና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቆላ ነው። ጉም፣ ቁልቁለት፣ የተጫነ ሲኖ ትራክ፣ ትርፍ ሰው ያጨቀ ሚኒባስ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ነው። ስለ አደጋው ብዙ ይወራል። ከአደጋው በኋላ ስላለው ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ሰው ይሞታል ወይም እግሩ ይቆረጣል፣ ሹፌሩ ይታሰራል፣ ሽማግሌ ይላካል። ከወራት በኋላ አንድ የቤተሰቡ ሰው ወረቀቱን ሁሉ በፌስታል ይዞ ደብረ ብርሃን ጠበቃ ቢሮ ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ ነገር ያ ፌስታል ነው። የአካል ጉዳትና የሞት ካሳ የሚከራከሩ ጠበቆችን ስለ ሥራቸው ብትጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ስለ ችሎቱ ከማውራታቸው በፊት ስለ ፌስታሉ ያወራሉ። ውስጡ ምን አለ? ምን የለም? ማን ፈረመ? መቼ? የክሱ ዕጣ ባብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ጠበቃው ጋ ሲደርስ ደግሞ ብዙው ነገር አልፏል።

ሕጉን ብቻ ካየነው ተጎጂው ጥሩ ቦታ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም። ጥፋት መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም። ባለ መኪናው «ጉሙ አላሳየኝም»፣ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ አያመልጥም። የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው። ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነም ኃላፊነቱ በዚያው ልክ ይቀንስለታል። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ደግሞ ቁጥር 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ አንደኛው ሹፌር ብቻ ማጥፋቱ ካልተረጋገጠ በስተቀር።

ይህን የሚያነብ ሰው ክሱ ቀላል ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚጀምረው «ባለቤቱ ማን ነው?» ሲባል ነው። በእኛ አገር አይሱዙ በውክልና ይሸጣል። የገዛው ሰው ሊብሬውን ወደ ስሙ ሳያዞር ለሌላ ይሸጣል፤ ሌላውም እንዲሁ። አደጋ ሲደርስ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው «እኔ ከሸጥኩት ዓመታት አልፈዋል» ይላል፣ የያዘው ሰው «ስሜ የለበትም» ይላል። ልምድ ያለው ጠበቃ እዚህ ላይ አይመርጥም። ባለ ሊብሬውን፣ በእጁ ያደረገውን፣ ሹፌሩንና ኢንሹራንሱን ሁሉንም ይከሳል። የኃላፊነት ድርሻቸውን ፍርድ ቤት ይለየዋል። ልምድ የሌለው ግን ሹፌሩን ብቻ ከሶ ይፈረድለትና ከሹፌሩ የሚያስፈጽመው ነገር ያጣል።

ወደ ፌስታሉ እንመለስ። መጀመሪያ የሚፈለገው የትራፊክ ፖሊስ ያነሳው የአደጋ ፕላን ነው። አንድ ገጽ ላይ በእጅ የተሳለ መንገድ፣ ሁለት ሳጥን፣ ቀስት፣ በሜትር የተጻፈ የፍሬን ምልክት ርዝመት፣ ተጎጂው የወደቀበት ነጥብ። ያቺ ቁጥር ብዙ ትናገራለች። የጎማው ጭረት ረጅም ከሆነ ሹፌሩ በፍጥነት ይመጣ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ምንም ከሌለ ጭራሽ ፍሬን አልያዘም ለማለት ይቻላል። ተጎጂው የወደቀው ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጭ ከሆነ «መሐል መንገድ ገባብኝ» የሚለው መከላከያ ይደክማል። ይሁንና ፖሊስ ቦታው ሳይደርስ መኪናው ይነሳል፣ ዝናብ ይጥላል፣ ወይም መንገዱ ስለተዘጋ ተሳፋሪው ገፍቶ ዳር ያወጣዋል። በስልክ የተነሳች አንዲት ፎቶ ያኔ ወርቅ ናት። ብዙ ሰው ግን የሚያነሳው የተጎጂውን ፊት ነው፤ ጎማውንና መሬቱን የሚያነሳ የለም።

ሁለተኛው የሐኪም ካርድ ነው። ሰው በደም ተነክሮ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ የሚጽፈው ባለሙያ ስለ ክስ አያስብም፤ ማሰብም የለበትም። ስለዚህ ካርዱ ላይ «ወድቆ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዴ ቀኑ ብቻ ይኖራል፣ ሰዓቱ አይኖርም። አንዳንዴ ተጎጂው የገባው ደጋፊው በሰጠው በተሳሳተ ስም ነው። ከዓመት በኋላ የተከሳሽ ጠበቃ ተነስቶ «ይህ ሰው በመኪና ስለመገጨቱ የሕክምና ማስረጃው አይናገርም» ይላል። መልስ አለው፤ ምስክር ይጠራል፣ ሆስፒታሉ እንዲያብራራ ደብዳቤ ይጻፋል። ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ ቀጠሮ ነው፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ደግሞ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ደብረ ብርሃን ድረስ ትራንስፖርትና አልቤርጎ ነው። በዚያ ላይ በሐኪሞች ቦርድ የሚወሰን የጉዳት መቶኛ ያስፈልጋል። ስብራቱ ሳይድን ቦርድ ፊት የቀረበ ሰው ሌላ መቶኛ ያገኛል፣ ከዳነ በኋላ የቀረበ ሌላ። ቶሎ መቅረብ ለተጎጂው ጥሩ የሚመስለው ሰው አለ። ሁልጊዜ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ወረቀት ግን የእርቅ ወረቀቱ ነው።

እኛ ጋ አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ መላክ ያለ ነው፤ ጥሩም ነው። ቂም ያበርዳል፣ የቀብር ወጪ ይሸፍናል፣ ሁለት ቤተሰብ አንድ ገበያ ላይ እንዲገናኝ ያደርጋል። ሽማግሌዎቹ ገብተው «እንግዲህ የሞተው አይመለስም፤ የቆመውን አንግደል፤ የሹፌሩም ልጆች ልጆች ናቸው» ሲሉ እምቢ የሚል ቤተሰብ ብዙ የለም። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ሹፌሩ ለዋስትናና ለቅጣት ማቅለያ የሚያቀርበው ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ «ይህን ያህል ብር ተቀብለናል፣ ከእንግዲህ በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም አንጠያየቅም» የምትል ዓረፍተ ነገር ትገባለች። ቤተሰቡ የፈረመው ለይቅርታ ነው። ሕጉ ግን ከቁጥር 3307 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች እንዲህ ያለውን ውል ግልግል ብሎ ያየዋል፤ ግልግል ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው። ለቀብር ማስፈጸሚያ የተሰጠ ገንዘብ የሙሉ ካሳ መዝጊያ ሆኖ ችሎት ላይ ይነበባል።

እንዲህ ያለ ወረቀት የገጠመው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያየው የፈራሚዎቹን ስም ነው። ቁጥር 2095 በሞት አደጋ መተዳደሪያ ያጡ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ተወላጆች (ልጆችና የልጅ ልጆች) በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ወንድም እዚያ ውስጥ የለም። በተግባር ደግሞ ሽማግሌ ፊት ቆሞ የሚፈርመው ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ነው። ሚስትና ልጆች ካልፈረሙ፣ ወንድምየው ያልነበረውን መብት አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ መከራከር ይቻላል። ብዙ ክስ የተረፈው በዚህች ቀዳዳ ነው። ሚስትየዋ አብራ በጣት አሻራ ከፈረመች ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ያልገባት ነገር ላይ መፈረሟን ማስረዳት ይመጣል።

መፍትሔው እርቅን መሸሽ አይመስለኝም። ወረቀቱ ላይ «ይህ ገንዘብ ለቀብርና ለሕክምና የተሰጠ ነው፤ የካሳ መብታችን እንደተጠበቀ ነው» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ይበቃል። የይቅርታውን ነገር አያበላሸውም። ሹፌሩንም አይጎዳውም፤ የሞት አደጋ ወንጀል ሆኖ ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው ስለሆነ በእርቅ አይዘጋም፣ እርቁ የሚጠቅመው ለቅጣት ማቅለያ ነው። ባለ መኪናውም ቢሆን ሊጠነቀቅ ይገባል። አብዛኛው የኢንሹራንስ ውል ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት ማመንንና ካሳ መዋዋልን ይከለክላል። ሽማግሌ ፊት ብድግ ብሎ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ያለ ባለንብረት ክፍያው በራሱ ጫንቃ ላይ ሊቀር ይችላል።

ሽምግልናው ሲራዘም ሌላ ነገር እየሮጠ ነው፤ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ቁጥር 2143። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ከሆነ ረዘም ያለው ይሠራል። ይህ ብዙ ሰው አድኗል። ግን በዚህ ላይ መተማመን ቁማር ነው። «የወንጀሉ ፋይል ይለቅ» ብሎ የሚጠብቅ ተጎጂ ሞልቷል፤ መጠበቁን ግን ሕግ አያስገድደውም። እንዲያውም ቁጥር 2149 የወንጀል ችሎት ሹፌሩን በነፃ ቢያሰናብተው እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ እንደማይገደድ ይናገራል። በወንጀሉ መዝገብ ውስጥ ካሳ አብሮ መጠየቅም በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቀዳል፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው።

ይርጋ የሚቋረጠው ክስ ሲመሠረት ወይም ባለ ዕዳው ዕዳውን ሲያምን ነው። «ሽማግሌ ላይ ነበርን» ማለት ብቻውን አያቋርጥም። ባለ መኪናው ለሕክምና ከፍሎ ከሆነና ደረሰኙ ካለ፣ ያ ማመን ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ምስክር ማምጣትም መጥሪያ ማድረስም ፈተና ሆኖ ነበር። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ይርጋን ዳኛው በራሱ አያነሳም፤ ተከሳሹ ካላነሳው አልፏል።

አሁን ወደ ብሩ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ፣ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር እንዲሆን ነበር የተጻፈው። ልብ በሉ፤ የተገጨ መኪና ከተገጨ ሰው በላይ ያወጣ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ጠበቃ የአደጋውን ቀንና በዚያ ቀን የሚሠራበትን ጣሪያ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። ተጎጂዎች ኢንሹራንሱ የሰጣቸውን ገንዘብ ሙሉ ካሳ አድርገው ያዩታል። ጣሪያው የኢንሹራንሱ ነው እንጂ የባለ መኪናው አይደለም። ከጣሪያው በላይ ያለውን ጉዳት ባለ መኪናው ይከፍላል። ለዚህ ነው ኩባንያው ቼኩን ሲሰጥ የሚያስፈርመውን የመልቀቂያ ቅጽ ማንበብ የሚያስፈልገው፤ አንዳንዱ ቅጽ ባለ መኪናውንም ጨምሮ ነፃ ያወጣል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት አለ። ገጠር ያለ ሰው ስለዚህ ፈንድ ሰምቶ አያውቅም ብል አላጋነንኩም።

በጉዞ ላይ የተጎዳ ተሳፋሪ ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ታሪፍ ከፍሎ ስለተሳፈረ ግንኙነቱ ውል ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ የማጓጓዣ ክፍል ደግሞ ለአንድ መንገደኛ የ40,000 ብር ጣሪያ አለ። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልነካውም። ስለዚህ መንገድ ዳር ቆሞ የተገጨ ሰው ያለ ጣሪያ ይጠይቃል፣ ከፍሎ የተሳፈረው ግን ጣሪያ ይገጥመዋል። እኔ ይህን ፍትሐዊ ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ጠበቃው ማምለጫ ይፈልጋል። አጓጓዡ ጉዳት እንደሚያመጣ እያወቀ ካደረገው ጣሪያው አይጠብቀውም። ፍሬኑ እንደማይሠራ ተነግሮት የወጣ፣ ሰው እላይ በላይ ጭኖ ጣርማ በርን የወረደ ሹፌር እዚህ ውስጥ ይገባል ወይ? እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ምስክሮቹ ደግሞ አብረው የነበሩት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ አንዱ ከሚሴ፣ አንዱ ወልዲያ፣ አንዱ አዲስ አበባ። ስልካቸውን በጊዜው የመዘገበ ከሌለ ማንም አያገኛቸውም።

የጉዳት ስሌቱ ለብቻው ሥራ ነው። ለማሳያ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚያመርት የ30 ዓመት ሰው እንውሰድ። ቀኝ እጁ ተጎድቶ ቦርዱ 40 በመቶ ብሎታል። ከወጪ ቀሪ የዓመት ገቢው 120,000 ብር ነው ካልን፣ የሚያጣው በዓመት 48,000 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራል ከተባለ 1,440,000 ብር ይሆናል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ግን 120,000ውን በምን እናስረዳ? ደመወዝ የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፣ ሽንኩርቱን የሸጠው ማሳው ላይ ለመጣ ነጋዴ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ ይመጣል፤ ተከሳሽ «ቀበሌው በምን ያውቃል?» ይላል። ግብርና ጽሕፈት ቤት በሄክታር አማካይ ምርቱን እንዲገልጽ ይጠየቃል። የገበያ ዋጋ ይጠየቃል። የሽንኩርት ዋጋ ደግሞ ከወር ወር ይገለባበጣል፤ ከሳሽ የጥሩውን ወር ያመጣል፣ ተከሳሽ የመጥፎውን። በመጨረሻ ሁሉም ቁጥር 2102 ጋ ይደርሳል፤ ጉዳቱ በትክክል ሊሰላ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ መስሎ በታየው መጠን፣ ይቁረጥ ይላል። ርትዕ ጥሩ ነው፤ ግን ባዶ እጁን ለቀረበ ከሳሽ የሚቆረጥለት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። መነሻ የሚሆን ማስረጃ ያቀረበ ሰውና ያላቀረበ ሰው እኩል አይወጡም። በዚያ ላይ ለግል ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ዳኛው የሚይዘው ወለል እንኳ የለም።

የሞራል ካሳውን ነገር ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ቁጥር 2116 ለሞራል ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። በ1952 ያ ገንዘብ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጇን ያጣች እናት 1,000 ብር ተፈርዶላት ከችሎት ስትወጣ ጠበቃው ምን ብሎ እንደሚያስረዳት አላውቅም። ይህ በዳኛ አተረጓጎም የሚፈታ አይደለም፤ ቁጥሩ ሕጉ ላይ ተጽፏል። የሚቀይረው ሕግ አውጪው ነው።

የሥራ ቦታ ጉዳት በደብረ ብርሃን እያደገ ያለ ዘርፍ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካዎቹና ሌሎችም ብዙ ሠራተኛ ይዘዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የቃል ቅጥርም ቅጥር ነው፤ ስለዚህ የሚኒባስ ረዳት እንኳ «ውል የለህም» ተብሎ መባረር የለበትም። ጠበቃውን የሚያስጨንቀው የሥራ ክርክር ይርጋ አጭር መሆኑ ነው።

ክሱ የት ይቀርባል የሚለውም ጊዜ ይበላል። አደጋው በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት መክሰስ ይቻላል። ኢንሹራንሱ በፌዴራል የተመዘገበ ኩባንያ ሲሆን ግን የፌዴራል ሥልጣን ይነሳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ስለሚሠራ፣ መዝገቡ ደብረ ብርሃን የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ወረዳ ላይ ተከፍቶ ወራት የቆየ ፋይል «ሥልጣን የለንም» ተብሎ ሲመለስ ግን ከሳሹ ከዜሮ ይጀምራል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያቃተው ሰው በድህነት ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ ይህንንም ብዙ ሰው አያውቅም። የጠበቃ ክፍያውስ? ደንበኛው ከፍርዱ በፊት የሚከፍለው የለውም፤ ጠበቃው ለሐኪም ማስረጃ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለምስክር አበል ከኪሱ ያወጣል። አንዳንዱ ጥሩ ጠበቃ የጉዳት ክስ መያዝ የተወው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተፈርዶ እንበል። ፍርዱን የማስፈጸሚያ መዝገብ ሲከፈት አይሱዙው የለም። ክርክሩ ዓመት ሲወስድ ባለንብረቱ ሸጦታል፤ የባንክ ሒሳቡ ባዶ ነው፣ ቤቱ በሚስቱ ስም ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከፍርድ በፊት ንብረት ማስያዝ ይቻላል፤ ተከሳሹ ንብረቱን ለማሸሽ እየተዘጋጀ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ማቅረብ ግን የአመልካቹ ፈንታ ነው። የድለላ ማስታወቂያ፣ ሊሸጥ መሆኑን የሰማ ምስክር፣ በቴሌግራም የተለጠፈ የመኪናው ፎቶ ሊሆን ይችላል። ክሱና የእግድ አቤቱታው በአንድ ቀን ገብተው፣ ትዕዛዙ ሊብሬው ወደተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ በዚያው ሳምንት ከደረሰ መኪናው ስም ሊዛወር አይችልም። ፖሊስ መኪናውን ለምርመራ ይዞ ባለበት ጊዜ ማመልከት ደግሞ የበለጠ ይቀላል። ያ ጊዜ የሚቆየው ጥቂት ቀናት ነው፤ ቤተሰቡ ገና ለቅሶ ላይ ነው።